ጋሽ ሞላ ዳባት ላይ የሚያሠሩት ቤት

ቅዳሜ ለገበያ ዳባት ሄጄ ከሚኒባስ እንደወረድኩ... ማንን ባይ ጥሩ ነው? የደባርቁን ጎረቤቴን ጋሽ ሞላን። አዲስ የተቆፈረ መሠረት አጠገብ ቆመው ግንበኞቻቸውን ያዝዛሉ። ለሚድሯት ልጃቸው ቤት እያሠሩላት ነው።

እኔንና ጋሽ ሞላን የሚያውቅ ሰው ከአሁኑ መሳቅ ይጀምራል። ለማታውቁ ልንገራችሁ።

እኔ የዳባት ልጅ ነኝ። አምና ደባርቅ ቤት ስሠራ ግንበኛውንም ከዳባት አመጣሁ፤ እሱም እንደለመደው ሠራው። ዳባት ከመንገድ ሰፋ አድርጎ ያስለቅቃል እንጂ ከጎረቤት ወሰን ብዙ ራቁ አይልም። ደባርቅ ግልባጩ ነው... ወደ መንገዱ ጠጋ ብትሉ ግድ የለውም፣ ከጎረቤት ግን ፈቀቅ በሉ ይላል። ፕላኑ ላይማ በትክክል ተሥሏል። ግን እኛ አገር ፕላን ለፈቃድ እንጂ ለግንበኛ ይታያል እንዴ?

ጋሽ ሞላ ከመሠረቱ ጀምሮ አጥራቸውን ተደግፈው ያዩን ነበር። ጠዋት ጠዋት «እግዜር ያስፈጽምሽ» ይሉኛል። ቆርቆሮ የተመታ ቀን ደግሞ መጥተው ምስማር አቀበሉ፣ በጉን በሉ፣ ጠላውን ጠጡ፣ ቆመው መረቁን። በማግሥቱ «ወሰኔን ተጠግታ ሠራች» ብለው ማዘጋጃ ሄደው ከሰሱኝ።

የልጆቼ ክፍል ፈረሰ። ግድግዳው ሲናድ ልጆቼ ደጅ ቆመው ያያሉ። ያን ክረምት በዚያ በደባርቅ ብርድ ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀን ከረምን።

አላስችል ብሎኝ ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ገና መሠረት ላይ እያለን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

ቁጣ የለ፣ እፍረት የለ... ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ብነግርሽማ ታስተካክዪው ነበር» አሉኝ።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜው ልመለስ። የተወጠረውን ገመድ አየሁት። ከጎረቤት ወሰን ጥሩ አድርገው ርቀዋል፣ ልክ እንደ ደባርቅ። በመንገዱ በኩል ግን በመሠረቱና በአስፋልቱ መካከል የተጫነች በቅሎ አታልፍም።

«አንቺ የአገሩ ልጅ ነሽ፤ እስቲ እይልኝ» አሉኝ። «ደንቡን እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ደባርቅ ስንት ቤት አሠርቻለሁ። ግን የጎደለ ካለ ንገሪኝ።»

ልጃቸው ትዝ አለችኝ። እሷ ምንም አልበደለችኝም፤ እንዲያውም ክፍሉ ሲፈርስ አብራኝ አልቅሳለች። አሳዘነችኝ። አፌን ከፈት አደረግኩ...

«ያምራል ጋሼ። እግዜር ያስፈጽምዎት።»

ደስ አላቸው። ቆርቆሮ የሚመታ ቀን እንዳልቀር አደራ አሉኝ።

አልቀርም። ምስማር የማቀብለው እኔ ነኝ።