ቀዩ ክር ያልተፈታባቸው መጻሕፍት

ቀዩን ክር ከመጽሐፉ ውስጥ ሳላወጣ የማስተላልፈው እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር ወይስ ሰው እንዲያገኘው ፈልጌ? ይህን ያህል ዓመት አልፎም አላውቀውም። አንድ ቀን እንዲህ ነው እላለሁ፣ ሌላ ቀን እንዲያ።

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ጉርድ ሾላ አጠገብ በነበረ የደንብ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ነው። ሥራዬ ተሰፍቶ የመጣውን ልብስ ማየት ነበር። ኮሌታው ከተንጋደደ፣ ስፌቱ ከዘለለ፣ የቁልፉ ቀዳዳ ከተቀደደ፣ ጉድለቱ ላይ ቀይ ክር አስርና ወደ ሰፊው እመልሰዋለሁ። ቀይ ክር ማለት «አላለቀም» ማለት ነው። ተስተካክሎ ሲመጣ ክሩን የምፈታው ያሰርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይነካውም፣ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን። በወረቀት የሰፈረ ደንብ አልነበረም፤ የጣሰው ሰው ግን አላየሁም። ሰፊዎቹ ስመጣ «ማይክሮስኮፕ መጣች!» ይሉ ነበር። በቀን የማሳልፈው ልብስ ከሌሎቹ ተቆጣጣሪዎች ያነሰ ነው። ማንም ግን ፍጠኚ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔ ያሳለፍኩት ልብስ ተመልሶ አይመጣማ።

በመጽሐፍ ግን እንዲህ አልነበረም።

ትምህርት የጀመርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በማታው ክፍል ነው። ለምን እንደዘገየሁ ማውራት ከጀመርኩ ወደ ሌላ ነገር እገባለሁ፤ ይቅር። አስተማሪያችን ሊያስነብበን ሲል የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን ተራዬ ደርሶ፣ ጣቴን ከመስመሩ ሥር አድርጌ ቃል በቃል ስሄድ ሰዓቱን አየና «እህቴ፣ አንቺ ይህችን ገጽ እስክትጨርሺ ክረምት ይገባል!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ጣቴን መሰብሰብ ተማርኩ፣ ከንፈሬን መግጠም ተማርኩ፤ መፍጠን ግን አልተማርኩም።

አንድን ዓረፍተ ነገር እንደ ልብስ ገልብጬ ሳላየው አላልፈውም። በሩ ተቆልፏል ከተባለ በኋላ አንድ ሰው ዘው ብሎ ከገባ፣ ቁልፉን ከየት አመጣው ብዬ አሥር ገጽ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ደስ ያለኝ ቦታ ላይ ደግሞ እቆማለሁ። ዝናብ የሚጥልበት አንድ ገጽ ነበር፣ ሦስት ጊዜ አንብቤው ልብሴ የረጠበ እስኪመስለኝ ድረስ። አንድ ምሽት በዚያ አለቀ።

በስፌት ቤቱ አምስት ሴቶች መጽሐፍ እንቀባበል ነበር። ሐሳቡን ያመጣችው ታይፒስቷ ናት፤ ከኔ በአሥር ዓመት የምታንስ፣ ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ የምትኖር፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ እንኳ የምታነብ ልጅ። መጀመሪያ እሷ ትወስዳለች፣ ቀጥሎ ሁለቱ የጨርቅ ቆራጮች፣ አራተኛ እኔ፣ መጨረሻ ላይ የዕቃ ግምጃ ቤቷ ኃላፊ። ለእያንዳንዳችን ሦስት ቀን። ኃላፊዋ ከወሎ የመጡ፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ ሙስሊም እናት ነበሩ፤ እትዬ ነበር የምንላቸው። መጽሐፉ እሳቸው ጋ ሲደርስ ግምጃ ቤት ባለው ቁም ሣጥናቸው ይቀመጣል። ዙሩ ሲያልቅ ምሳ ላይ እናወራበታለን።

እኔ በሦስት ቀን የምደርሰው ስልሳኛው፣ ቢበዛ ሰባኛው ገጽ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሳሊተ ምሕረት በእግሬ መጥቼ፣ በሩ እስኪከፈት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች አነባለሁ። ከዚያ መጽሐፉን ለእትዬ እሰጣለሁ። ምልክት የማደርገው በሥራዬ ቀይ ክር ነበር። ሳስረክብ ክሩን ልመዝዘው እሞክርና አይሆንልኝም። ያላለቀ ነገር ላይ ያሰርኩትን ክር ፈትቼ አላውቅም። ስለዚህ እንዳይታይ ወደ መጽሐፉ ጀርባ ወደ ውስጥ እገፋዋለሁ።

የምሳው ሰዓት ነበር የሚያስፈራኝ። ታይፒስቷ ሳህኗን ገና ሳታስቀምጥ ትጀምራለች።

«ባንድ ቁጭታ ነው የጨረስኩት! ሰውዬው ግን መጨረሻ ላይ ለምን ተመለሰ? እናንተ ገባችሁ?»

«ሚስቱ ናፍቃው ነዋ» ትላለች አንዷ ቆራጭ።

«ምን ሚስቱ! ቤቱ ነው የናፈቀው» ትላለች ሌላዋ።

«አንቺስ? ዝም አልሽ እኮ» ትለኛለች ታይፒስቷ።

ሰውዬው መሄዱን ገና ያላነበብኩ እኔ፣ «መጨረሻው ከበደኝ» እላለሁ። እውነትም ነው፤ ከመካከሉ የተቆረጠ መጨረሻ ለማንም ይከብዳል። ታይፒስቷ ግን ራሷን ትነቀንቃለች። «አያችሁ? ዝምተኛ ስታነብ እንዲህ ነው። እኛ እንለፈልፋለን፣ እሷ ታስባለች።»

ያ ሙገሳ ይሞቀኝና ያሳፍረኝ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቷ ፊደል የቆጠረች ሴት መጽሐፍ ከሚያወሩ ሰዎች ጋር ምሳዋን መብላቷ ለኔ ቀላል ነገር አልነበረም። ከአምስቱ አንዷ መሆኔን ማጣት ነበር የምፈራው። የማውቀውን እንኳ መናገር አልቻልኩም። አንዱ መጽሐፍ ውስጥ ሴትየዋ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጠላ ለብሳ ወጥታ ጠርዙ አረንጓዴ የሆነ ለብሳ ገብታለች፤ ከኔ በቀር ያየው አልነበረም። ብናገር «ከዚያስ በኋላ የሆነውን አየሽ?» ቢሉኝ ምን እላለሁ?

እንዲህ ሆኜ ሁለት ዓመት ገደማ ሄደ። ታዲያ አንድ ቀን ምሳ ላይ ታይፒስቷ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገች። ውፍረቱን በዓይኔ ለካሁት።

«አንድ ነገር ላንሳ» አለች። «ሦስት ቀን ለአንድ መጽሐፍ አልበዛም? ዙሩ እኮ ተንቀራፈፈ። ሁለት ቀን ይብቃን።»

«ለኔ አንድም ይበቃኛል» አለች አንዷ ቆራጭ።

«ጉራሽን ተዪ!»

«ኦኬ፣ አንቺስ?» አለች ታይፒስቷ ወደኔ ዞራ። «ላንቺ መቼም ሁለት ቀን ትርፍ ነው።»

ሁሉም አዩኝ። «ይበቃል» አልኩ።

እትዬ የበሉበትን ዕቃ ሰብስበው በጨርቅ ቋጠሩና ተነሡ።

ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለት ሱሪ አየሁ፤ በአንዱም ጉድለት አላገኘሁም። እንዲህ ሆኖ ስለማያውቅ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አየኋቸው፤ አራቱ ጉድለት ነበረባቸው። እንደዚያ ሳላይ ሳሳልፍ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። መቀሴን አስቀመጥኩና ወደ ግምጃ ቤቱ ሄድኩ።

እትዬ የልብስ ቁልፎችን በመጠን በመጠናቸው እየለዩ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ ከመጽሐፉ ዙር ልውጣ ብዬ ነው።»

«ምነው እታለም?»

«ዓይኔ ደክሟል።»

«ዓይንሽ?» ቀና ብለው አዩኝ። «ትናንት ከበሩ ላይ ሆነሽ የዘለለ ስፌት ያየሽበት ዓይን?»

ሌላ ውሸት ፈለግሁ፣ አልመጣም። «አንዱንም ጨርሼ አላውቅም» አልኩ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ። ስልሳ ገጽ፣ ሰባ ገጽ፣ ከዚያ መጨረሻውን። ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ሌላ አልችልበትም።» ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም አልነበረም።

እትዬ ቁልፎቹን መለየት አላቆሙም። «አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

ተነሥተው ቁም ሣጥኑን ከፈቱ። ሁለት ዓመት የተቀባበልናቸው መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዳቸው አናት ላይ የቀይ ክር ጫፍ ብቅ ብሏል። አንዱን አውጥቼ ገለጥኩት። ክሩ ትቼው የሄድኩበት ገጽ ላይ ነበር። ሌላውም እንደዚያው።

«አንብበዋቸው አልነበር እንዴ?»

«አንብቤያቸዋለሁ እንጂ! በክሩ ዙሪያ እያለፍኩ። ያሰረችው ሰው ሳትፈታው እኔ ምን ቤት ነኝ የምነቅለው? ጥቂት ወደ ላይ ሳብኳቸው እንጂ፣ ስትፈልጊ እንድታገኚያቸው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ ዝም ያልሽውን እኔ ላውራው?» ሳቁ። «ልጅ ሆኜ ቁርአን ስቀራ፣ ሼኹ አንዷን ገጽ ወር ያስደግሙኝ ነበር። ደግሞ ከመጀመሪያው፣ ደግሞ ከመጀመሪያው። መፍጠን የሚሉት ነገር መኖሩን ያወቅሁት እዚህ ከናንተ ጋር ነው፣ ወላሂ። ለዛ ነው መጨረሻ ላይ አድርጊኝ ያልኳት፣ ያቺን እንደ ጢያራ የምትበር ታይፒስት። ከኔ በኋላ የሚጠብቅ የለማ!»

ሁለት ዓመት ሙሉ እትዬ መጨረሻ የሆኑት በዕድሜያቸው ተከብረው መስሎኝ ነበር። አንዱን መጽሐፍ ለመጨረስ ሁለት ወር እንደፈጀባቸው ነገሩኝ፣ ቁጭ ብለው፣ ሳያፍሩ፣ የቁልፍ ቁጥር እንደሚነግሩ ሰው። ምሳ ላይ ሲወራ ገና ያልደረሱበት ከሆነ «አትንገሩኝ!» ብለው ጆሯቸውን ይይዙ ነበር። እኛ ለጨዋታ መስሎን እንስቅ ነበር።

«አብሽሪ» አሉኝ። «ከዙሩም አትውጪ። ከነገ ጀምሮ ከኔ ጋ ሁኚ፤ የመጨረሻውን ተራ አብረን እንያዝ። ለልጅቷም እኔ እነግራታለሁ።»

«እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

«እሱ ይሻላል።» ወደ ቁም ሣጥኑ በአገጫቸው አመለከቱኝ። «እስከዚያ አንዱን ውሰጂ። ቀን የለውም።»

ያ ዝናብ የሚጥልበት ገጽ ያለበትን መጽሐፍ አወጣሁ። የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጬ ክሩ ያለበትን ገጽ ገለጥኩ። ሰዎቹን ሁሉ ረስቻቸው ነበር፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ። ወደ ኋላ መገልበጥ ጀመርኩ፤ አሥር ገጽ፣ ሃያ ገጽ፣ እስከ መጀመሪያው ድረስ።

እትዬ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «እንዲያውም ወደ ኋላ!» ብለው ሳቁ፣ ወደ ቁልፎቻቸውም ተመለሱ።

ጣቴን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አደረግሁ። ከንፈሬም ተንቀሳቀሰ።