መታጠፊያው ላይ የምታርፈው ቮልስ

የተነሣሁት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የምሄደውም እንጦጦ ነው። እዚህ ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ጉዞ ብሎ አይጠራውም፤ ሽቅብ መውጣት ነው በቃ። የዚያ ቅዳሜ መንገድ ግን የአባባ ቮልስ ዕጣ ተንጠልጥሎበት ስለነበር እስካሁን በዓይኔ ላይ ይሄዳል።

አባባ ካረፈ ወዲህ መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ከጽድ ዛፉ ሥር ቆማ ከርማለች። ካፌ ሊከፍት ያሰበ አንድ ጎልማሳ አየና ወደዳት። ሞተሯን አውጥቶ፣ ሮዝ ቀለም ቀብቶ በሩ ላይ ሊያቆማት ነው፤ ሰው ውስጧ እየተቀመጠ ፎቶ ይነሣባታል አለን። እማዬ እሺ ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ሳኮርፍ ስሰነብት በመጨረሻ ፍርዷን ሰጠች።

"እንጦጦ ድረስ ይዘሽኝ ውጪ። ሳትቆም ከወጣች አልሸጣትም። እንደ ዱሮው ሞቀች ተብላ መንገድ ላይ ከቆመች ግን ሰኞ ሰውዬው ይውሰዳት።"

እንደ ዱሮው ያለችው እውነቷን ነው። ልጅ ሆኜ በወጣን ቁጥር ባሕር ዛፉ መሀል ያለች አንዲት መታጠፊያ ላይ ስንደርስ አባባ "ሞቃለች፤ ትንሽ ትረፍ" ብሎ ያቆም ነበር። መኪናዋ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት እማዬ ወርዳ ከጎማው ሥር ታኮ ታደርጋለች። ታኮው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በእማዬ እግር ሥር፣ መኪናዋ ውስጥ ነው። ከዚያ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን መኪናዋ እስክትቀዘቅዝ ቅጠሉ ሲያሾከሹክ እንሰማለን። ከልጅነቴ ጉዞዎች ሁሉ አጥርቼ የማስታውሰው ያንን መቆም ነው።

ጋራዡ

ከመውጣታችን በፊት ጋሽ ደበላ ዘንድ ጎራ አልን። የአባባ መካኒክ ናቸው፤ ጋራዣቸው አንድ የቆርቆሮ ጣሪያና ግድግዳው ላይ በመጠን በመጠኑ የተሰቀለ የብሎን መፍቻ ነው። ጨዋታ ይወዳሉ፤ ካቻቢቴ ከያዙማ የሚያቆማቸው የለም። እማዬ ውጪ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ የኋላውን ኮፈን ከፈትኩላቸው፤ የቮልስ ሞተር ከኋላ ነውና።

"ሞተር እኮ የሚያውቀው ሥራ አራት ነው" አሉ ካንዴላውን እየፈቱ። "ፒስተኑ ወርዶ አየርና ቤንዚን ይስባል፣ ወጥቶ ያምቃል፣ ካንዴላው እሳት ሲሰጠው ተወርውሮ ይወርዳል፣ መልሶ ወጥቶ ጭሱን ይተፋል። ሌላው ሁሉ አጃቢ ነው።"

የካንዴላው ጫፍ ጥላሸት ለብሷል። ጋሽ ደበላ ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ቤንዚን በዝቶባታል። ወደ ላይ ስትወጪ አየሩ ይሳሳል፤ ቤንዚኑ ግን እንደ ታች ከገባ ትታፈናለች። ጉልበት አንሷት መሰለሽ? ትንፋሽ ነው የሚያጥራት።" ካንዴላውን ጠርገው መለሱት፤ ሞተሩን አስነሥተው ካርቡሬተሩ ላይ አንዲት ብሎን ትንሽ አዞሩ፣ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ፣ እንደገና ነካ አደረጉ። የሞተሩ ድምፅ እየጠራ ሄዶ ዝም ብሎ እንቅልፍ የሚጋብዝ ሆነ።

"መሞቋንስ ምን ላድርገው ጋሽ ደበላ? ውሃ አትወስድ!"

"ይቺ በነፋስ ነው የምትቀዘቅዘው፤ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ እንዳይላላ ብቻ። ከሞቀች ጉልበቷ ይወርዳል፣ ድምፅዋ ይለወጣል፣ የተቃጠለ ዘይት ትሸትሻለች። ግን ትሞቃለች ማን አለሽ? አባትሽ ሞቀችብኝ ብሎ አንድ ቀን አምጥቷት አያውቅም።"

ነገሩ ገረመኝ፤ እማዬ "አይመሽም ወይ!" ስትል ግን ረሳሁት።

ዳገቱ

ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ ጉም ግን ገና ከዛፎቹ ላይ አልተነሣም። አስፋልቱ እርጥብ ነው። ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ከጉሙ ይወጡና በደንብ ሳናያቸው አልፈውን ይሄዳሉ። እማዬ ዝቅ ባለ ድምፅ መዝሙር ታዜማለች። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ሞተሩን አዳምጣለሁ፤ ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ይተፋል። ወደ ላይ እየወጣን ይሁን ወደ ኋላ፣ ወደ ልጅነቴ እየተመለስን፣ ለጊዜው ጠፋኝ። ደስ ይል ነበር።

መታጠፊያዋ ብቅ ስትል መዝሙሩ መሀል ላይ ተቆረጠ። ሞተሩን አዳመጥኩ፤ ደህና ነው። አሸተትኩ፤ ባሕር ዛፍ ብቻ። ዘወር ስል እማዬ የበሩን እጀታ ጨብጣ፣ አፏን ከፈት አድርጋ አየር ትፈልጋለች።

"እማዬ፣ ደከመሽ እንዴ?"

"እኔ? ምን ሆንኩና! ንጂ!"

እሷ ደከመኝ ብላ አታውቅም፤ ምጥ ላይ ሆና እንኳ አላለችም ይሏታል። ያን ጊዜ ጋሽ ደበላ ስለ ትንፋሽና ስለ አባባ ያሉት ተመልሶ መጣብኝ። ካላቆምኩ መኪናዋ ትተርፋለች፤ ጫፉ ሩቅ አይደለም።

ፍሬን ያዝኩና "ሞቃለች" አልኩ። "ትንሽ ትረፍ።"

ድንጋዩን ከእግሯ ሥር አንሥቼ ታኮ ያደረግሁት እኔ ነኝ። እማዬን ሣሩ ላይ አስቀመጥኳት። ጭራሮ የተሸከሙ አንዲት እናት ሸክማቸውን ከዳገቱ ላይ አስደግፈው "ተበላሸችባችሁ?" አሉን። "ሞቃ ነው" አልኳቸው። "ታዲያ እናንተም እንደኛ አረፍ በሉዋ" ብለው በነጠላቸው ላባቸውን ጠረጉ።

የእማዬ ትንፋሽ ቀስ እያለ ተመለሰ። ዓይኗን ከዛፎቹ ሳታነሣ፣ "ድምፅዋ አልተለወጠም" አለች። "ስንት ዘመን ከአባትሽ አጠገብ ተቀምጬ የሞቀች መኪና አላውቅም?"

"አባባ ሲያቆምስ?"

"ለእኔ ብሎ እንደሚያቆም አውቅ ነበር። ማወቄን ግን አልነገርኩትም፤ ደስ ይለው ነበራ።"

"ታዲያ ለምን ልትሸጫት?"

"ያለ እሱ ዳገቱን ከቻልኩት ትቆይ፣ ካልቻልኩት ምን ታደርግልኛለች ብዬ ነው። አሁን ማን ያቆምልኛል?"

አባባ ናፈቀኝ። ሴትዮዋ ሸክማቸውን አንሥተው ወደ ጉሙ ገቡ።

መመለሻ

ጫፉ ላይ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ትኩስ ድንች በላን። ጉሙ ሲገለጥ ሰፈራችን የካ ከነቆርቆሮዋ ከታች ታየችን። ስንወርድ "በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ" የሚለውን የአባባን ምክር ይዤ በሁለተኛ ወረድኩ፤ መኪናዋን ሞተሩ ራሱ ሲይዛት ፍሬን ብዙ አይለፋም።

ከዚህ መንገድ ሞተር እንዴት እንደሚተነፍስ ተምሬ መጣሁ፤ የአባቴንም አነዳድ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ስለ መሸጧ ግን አላነሣሁም፤ ቆመናልና ተረትቻለሁ።

ሰኞ ሰውዬው ደወለ። እማዬ ስልኩን ከጆሮዋ አራቅ አድርጋ ይዛ፣ በትሕትና መለሰችለት።

"ልጄ፣ ይቅር በለኝ። መኪናዋ ትሞቃለች፤ ለካፌ አትሆንህም።"