ለእርቅ ያልተከፈተው በር

ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ አሸተን ማርያምን ፊት ለፊት የሚያይ አንድ ግቢ አለ። ዙሪያው በድንጋይ የታጠረ ነው፤ ከድንጋዩ በላይ የሾህ ሽቦ ተዘርግቷል። ጥፋት ያጠፉ ልጆች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ዐሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላቸው የሚቀመጡበት ቤት ነው። እኔ እዚያ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ዘበኞቹን፣ ወጥ ቤቶቹንና ሞግዚቶቹን የምመድብ እኔ፣ የምቆጣም እኔ። ቁጣውን አውቅበታለሁ። ባሌ «አንቺ ሴት፣ ቤት ስትገቢ እንኳ ፈረቃሽን አታስረክቢም» ይለኛል።

ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። ጠዋት ልጆቹን ቆጥሬ ከሌሊት ተረኞቹ እረከባለሁ። የውኃ ቦቴው ቀርቶ እንደሆነ ስልክ ይዤ እጨቃጨቃለሁ። ወንበር ላይ ያሸለበውን ዘበኛ እቀሰቅሳለሁ፤ «አላሸለብኩም፣ ዓይኔን ጨፍኜ እየጸለይሁ ነው» ይለኛል። ዱላ ይዞ ግቢ መግባትን የከለከልሁ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ «ያለ ዱላ ምን ዘበኛ አለ?» ብለው አጉረመረሙ። «እንግዲያስ ሂዱና ከብት ጠብቁ» አልኋቸው፤ ዱላው ቀረ። እንዲህ እንዲህ እያልሁ ነው የኖርሁት። ሥራዬንም እወደው ነበር። አሁን ልውደደው አልውደደው አላውቅም፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ልጁ ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ እንኳ ገና አልጎረነነም ነበር። አገሩ ከገነተ ማርያም በላይ ያለ ደጋ ነው። በገና ዕለት ሁለት መንደር ሜዳ ወርዶ ገና ሲጫወት፣ ኳሷን፣ ሩሯን፣ እመታለሁ ብሎ የሰነዘረው ዱላ የሌላውን ልጅ ጆሮ ግንድ አገኘው። የተመታው ልጅ ሳይነጋ ሞተ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ የሚሠራው ግን ለተፈነከተ ነው። ለሞተ አይሠራም፤ የሞተ እንደሆነ ነገሩ ደም ነው፤ ደም ደግሞ ጨዋታ አያውቅም።

ልጁ በገባ ማግስት የበር ዘበኛችን ቢሮዬ መጣ። ዝምተኛ፣ ሥራውን አክባሪ ሰው ነው፤ ተቆጥቼው አላውቅም። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«እትዬ፣ ሳይደብቁ መናገር ይሻላል ብዬ ነው። ትናንት የገባው ልጅ የገደለው የወንድሜን ልጅ ነው» አለኝ።

ክው አልሁ። «ታዲያ ምን ላድርግልህ?»

«እዚህ ግቢ ውስጥ አልነካውም። እንጀራዬ ነው፣ አደራም ነው። ብቻ ከልጆቹ መኝታ ራቅ ያድርጉኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ላይ ብቻ መደብሁት። ለሥራ አስኪያጁም ነገርሁት። ሥራ አስኪያጃችን ከከተማ የመጣ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ወጣት ነው፤ ክፉ አይደለም፣ ፈሪ ነው። «ሠራተኛ ስሜቱን ከሥራው መለየት አለበት» አለኝ። የወንድም ልጅ ደም ስሜት ተብሎ ቀረ እንግዲህ።

የገና ሰሞን ሲደርስ ልጆቹ ሜዳው ላይ ሩር ይጠልዛሉ። ልጁ አይጫወትም። የዱላውን ኳኳታ ሲሰማ ሸሽቶ ሸሽቶ የሚደርሰው በሩ ጋ ነው፤ ከበሩ ወዲያ መሸሻ የለማ። እዚያ ደግሞ ዘበኛው አለ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ደርሼ ሳያቸው ልለያያቸው ነበር። ግን ሁለቱም ጀርባቸውን ለጨዋታው ሰጥተው፣ አንድ ክንድ ተራርቀው ተቀምጠው ነበር። አንዱም አንዱን አያናግርም። የዚያን ድምፅ ክብደት ከእነሱ በቀር የሚያውቅ ግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም። ትቻቸው ሄድሁ። በዓመቱ መሀላቸው የቆሎ ሳህን ነበር። ከዚያ ወዲያ ልጁ «አባባ» ይለው ጀመር፣ እሱም «አቤት» ይለው ጀመር።

ልጁ የሚወጣበት ዓመት ሲቃረብ ዘበኛው በዕረፍቱ ቀን አገር ቤት እየወጣ ወንድሙን ይለምን ያዘ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ወንድሙ መጀመሪያ ውኃ እንኳ አላቀረበለትም። እሱ ግን ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ በነጋታው ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። በመጨረሻ አንድ ቀን «እሺ አለ» አለኝ።

ጉዳዩን የያዙት አንድ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ከዘራቸውን እየጎተቱ እኛ ድረስ መጡ። ውሉን አስረዱን። ቅዳሜ፣ በገነተ ማርያም ደጀ ሰላም፣ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ልጁ ራሱ ድንጋይ ተሸክሞ በሟች አባት እግር ይወድቃል። አባቱም ያነሣዋል። ደሙ ይደርቃል። «ይህ ነገር በተወካይ አይሆንም። ከዚህ ሳይወጣም ማለቅ አለበት። ሳይታረቅ ከወጣ የሟች ወንድሞች አሉ፤ እነሱን የምይዝበት አንደበት የለኝም» አሉ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር። አንድ ቀን፤ እሱም ሙሉ ቀን አይደለም። መኪና አለን፣ ሹፌር አለን፣ እኔ አለሁ። ከሆነ ልጁ አገሩ ይገባል፤ ካልሆነ አገር የለውም።

ሥራ አስኪያጁ ለቄሱ «ከበላይ አካል አጣርተን እናመቻቻለን» አላቸው። እሳቸውም እሺታ መስሏቸው መርቀውን ሄዱ። እኔ እንኳ መስሎኝ ነበር።

ልጁ ከግቢው ጥግ፣ ከተረፈው የአጥር ድንጋይ መሀል ይመርጥ ጀመር። አንዱን ያነሣል፣ ትከሻው ላይ ይሞክራል፣ ይጥላል። የመረጠው ለእሱ የከበደ ነበር።

«ኧረ ይኼ ጀርባህን ይሰብረዋል፤ ቀለል ያለ ውሰድ» አልሁት።

«አይ እትዬ። አባትየው ያየዋል እኮ» አለኝ።

ድንጋዩን በሩ አጠገብ አኖረው። ዓርብ ማታ ሸሚዙን አጠበ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጁ ለብሶ በሩ ጋ ቆሟል። ዘበኛው ያን ቀን ተረኛ ባይሆንም መጥቷል። ሹፌሩ ጎማ ይረግጣል። ያኔ ሥራ አስኪያጁ ወጣና የመኪናውን ቁልፍ ከሹፌሩ ተቀብሎ ኪሱ ከተተ።

«መልስ አልመጣም። መንገዱም አስተማማኝ አይደለም። ቢያመልጥ ወይም አንድ ነገር ቢሆን ማን ነው የሚጠየቀው?»

«እኔ!» አልሁት።

«አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ።» ይህ እውነቱ ነው፤ ሌላ ነገር አላሰበም።

ዘበኛው ወደ ፊት መጣ። «ጌታዬ፣ እኔ ልያዘው። እጁን ከእጄ ጋር እሰሩት። ቢያመልጥ በሱ ፈንታ እኔን እሰሩኝ» አለ።

«አንተማ ጭራሽ! የሟች ቤተሰብ አይደለህ? የጥቅም ግጭት አለብህ» አለው።

የጥቅም ግጭት። ሰውየው ጥቅሙ ምን እንደሆነ ገብቶት ቢሆን ኖሮ ያን ቃል ባላወጣው። ያን ዕለት የተናገርሁትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ግማሹ ለጽሑፍ አይሆንም። በእግር እንዳንሄድ ሩቅ ነው፤ ያለ ፈቃድ ልጅ ይዤ በሰው መኪና እንዳልሄድ፣ የመጀመሪያው ኬላ ላይ ያስቀሩናል።

ይባስ ብሎ መላ ያገኘ መሰለው። ፊቱ በራ። «ለምን እዚህ አናደርገውም? አዳራሽ አለን። ወንበር እንደረድራለን፣ የታሸገ ውኃ እናቀርባለን። ቤተሰቡ ይምጣ» አለ።

«እባክህ ተው። ሐዘንተኛ ገዳይ ዘንድ ሄዶ አይታረቅም። እንዲህ ያለ ጥሪ ስድብ ነው» አልሁት።

«የመንግሥት ቤት እንጂ የገዳይ ቤት አይደለም።»

«ልጁ የሚያድርበት ነው ቤቱ። እነሱ የሚያውቁት ይህን ነው።»

አልሰማኝም። ስልኩን አንሥቶ ገነተ ማርያም ላለው የቀበሌ ሊቀ መንበር ደወለ። ሽማግሌዎቹ በደጀ ሰላሙ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ የሟች አባት ጋቢውን ተከናንቦ፣ የልጁም አባት ራቅ ብሎ ቆሞ የልጁን መምጣት ሲጠብቁ፣ ሊቀ መንበሩ ስልኩን ይዞ ቀረበና «ተቋሙ እናንተ ወደ ላሊበላ ኑ ይላል፤ መስተንግዶ ተዘጋጅቷል» አላቸው። እሱም እንደ ተነገረው መናገሩ ነው።

የሆነውን ቄሱ በኋላ ነገሩኝ። የሟች አባት ተነሣ፤ ጋቢውን አራገፈ። «ልጄን የገደለ ካለበት ደጅ ቆሜ እኔ ላንኳኳ? በልጄ ደም ውኃ ሊያጠጡኝ?» አለ። ከዚያ ለወንድሙ ለዘበኛው የሚደርስ መልእክት ጨመረ፤ «ሁለተኛ ስለዚህ ነገር ደጄ እንዳይመጣ» የሚል። ሽማግሌዎቹም ከነገሩ እጃቸውን አነሡ። ቄሱም «ልጄ፣ ሽማግሌ አንዴ ከተዋረደ ቃሉ አይከብድም» አሉኝ፤ አልተቆጡኝም፣ ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

ልጁ እስከ ቀትር ድረስ ሸሚዙን አላወለቀም። «ሌላ ቅዳሜ ይሆናል?» አለኝ። ልጅ መዋሸት አልወድም፤ ያን ዕለት ግን «እናያለን» አልሁት።

ወራቱ እንደ ምንም ሄደ። ዐሥራ ስምንት ሞላው። በዋዜማው የገዛ አባቱ መጣ። ቢሮዬ ገብቶ መቀመጫውን እንኳ ሳይነካ፣ «እትዬ፣ ወደ ቤት እንዳይመጣ ይንገሩልኝ። እኔ ልለው አልቻልሁም። ታናናሾቹም አሉ፤ እሱን ፍለጋ የሚመጣ ሰው እነሱን ያገኛል» አለ። እንባውን በኩታው ጫፍ ጠርጎ፣ ልጁን ሳያይ ተመለሰ።

ነገርሁት። ልጁም «እዚሁ ልቅር? እንጨት እፈልጣለሁ፣ ወጥ ቤት እጠርጋለሁ፤ ደሞዝ አልልም» አለኝ። ወጥ ቤቶቹ በደስታ ይቀበሉታል። ይህንኑ ይዤ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ።

«ከነገ ጀምሮ አዋቂ ነው። አንድ ሌሊት ብናሳድረው ሕገ ወጥ እስር ይሆናል» አለኝ።

«ያን ቅዳሜ ለአንድ ቀን አላስወጣም ያልህ፣ ዛሬ ለአንድ ሌሊት አላሳድርም ትላለህ?»

«ያኔም ሕጉ ነው፤ አሁንም ሕጉ ነው።»

ይህ ሰው ማታ ማታ ይተኛል። ነጭ ሸሚዙን ሰቅሎ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ለጥ ብሎ ይተኛል። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

የሚወጣ ዕለት ዘበኛውን ከበሩ ላነሣው ፈለግሁ። ለእሱ ብዬ ነው። «ዛሬ ዕረፍት ውሰድ» አልሁት።

«አይሆንም እትዬ። ሌላ ዘበኛ ከቆመ፣ ልጁ የሄደበትን አቅጣጫ ገበያ ወርዶ ያወራዋል። ወሬው የወንድሜ ልጆች ጆሮ ይደርሳል። እኔው ልቁም» አለ።

«አንተንስ ቢጠይቁህ?»

«ወንድሜን ዋሽቼው አላውቅም» አለኝ።

ልጁን ሸኘነው። ብርድ ልብስና የአናጢነት ሰርተፊኬት ተሰጠው፤ ሥራ አስኪያጁ ጨብጦት ፎቶ ተነሣ። ወጥ ቤቶቹ ዳቦ ጠቅልለው ያዙለት። እኔ እስከ በሩ ሄድሁ። ያ ድንጋይ እዚያው ተቀምጧል፤ ማንም አላነሣውም።

ዘበኛው ቁልፉን አዙሮ በሩን እስከ ዳር ከፈተ። ከዚያ ዞሮ ፊቱን ለድንጋዩ አጥር ሰጠ። ግንባሩ ከአጥሩ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

ልጁ ጥቅሉን አስቀመጠና ከጀርባው ተንበረከከ። «አባባ፣ ይቅር በለኝ» አለው።

ዘበኛው አልዞረም። «እኔማ ድሮ ትቼዋለሁ። ግን ደሙ የእኔ ብቻ አይደለም ልጄ። ለብቻዬ ላደርቀው አልችልም። ተነሥ፣ ቶሎ ሂድ» አለው።

ልጁ ተነሥቶ ወጣ። እግሩ የለመደውን ያውቃልና መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ወደ ገነተ ማርያም መንገድ መራው። ጥቂት ሄደና ቆመ። ምን ያህል እንደቆመ አላውቅም፤ በስሙ ልጠራው ፈልጌ፣ ሰው እንዳይሰማ ፈራሁ። ከዚያ ተመለሰና በሌላው መንገድ ሄደ። እጥፋቱ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አየኝ። እጄን አነሣሁለት፤ ከዚያ ወዲያ አልታየኝም።

ዘበኛው አሁንም ፊቱን ለአጥሩ እንደሰጠ ነው።

«ሄደ?» አለኝ።

«ሄደ» አልሁት።

«እባክዎ እትዬ፣ በየት እንደሄደ እንዳይነግሩኝ» አለ።