አሰገደች «በሞቴ» ያለችበት ሻይ

ስለ አሰገደች የሚወራው ሁሉ ምስጋና ነው። እጇ ይጣፍጣል፣ እንግዳ ታከብራለች፣ ለታመመ ቀድማ ትደርሳለች ይሏታል። እሷ ግን ምስጋናውን መስማት ካቃታት ከርሟል። ወዳጇ ካልቶማ ታማ ከተኛች ወዲህ ሰው ሲያመሰግናት አንገቷን ትደፋለች፤ ሰውም ትሕትና ይመስለዋል።

ሆቴሏ በኬንያው ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ነው። ሆቴል ይባል እንጂ አራት ጠረጴዛና አንድ ትልቅ መጥበሻ ነው። የፍቼ ልጅ ናት፤ ባሏን ተከትላ ድንበር ተሻገረች፣ ባሏ ሞተ፣ ሆቴሉ ቀረላት። ካልቶማ ደግሞ ከጎዶማ ገጠር የሚመጣላትን ወተት የምትሸጥ የቦረና ሴት ናት። የተዋወቁት በወተት ነው፤ የተዛመዱት ግን በሻይ። አንዷ ክርስቲያን፣ አንዷ ሙስሊም ናቸውና በአንዷ ቤት የታረደውን ሌላዋ አትቀምስም። ስለዚህ በዓል ሲመጣም ሐዘን ሲደርስም የሚገባበዙት ስኳር የበዛበት የወተት ሻይና ማንዳዚ የሚሉት ዘይት የጠጣ የሊጥ ጥብስ ነበር። ሥጋ የለያቸውን ስኳር አገናኛቸው፤ ታዲያ ማን ስኳርን ይጠረጥራል?

ወደ ማርሳቢት የሚወስደው መንገድ አስፋልት ሲለብስ ሁለቱም ሃምሳን ተሻግረው፣ ሁለቱም አርጠው ነበር። አሰገደች ምድጃ አጠገብ በቆመች ቁጥር ሙቀት ከደረቷ ተነሥቶ ፊቷን ይለበልባታል። ካልቶማ እንቅልፍ አጣች፣ ወገቧም ሳታውቀው ሰፋ። ተያይዘው ክሊኒክ ሄዱ። ነርሷ ግፊታቸውንና ስኳራቸውን ለክታ ሁለቱም ወደ ላይ መውጣት እንደጀመረ ነገረቻቸው። ሴት ስታርጥ እስከዚያ ልቧን ሲጠብቅላት የኖረው ነገር ከሰውነቷ እንደሚቀንስ፣ ስቡም ወደ ሆድ እንደሚሰበሰብ አስረዳቻቸው። ከሳምንቱ አብዛኞቹን ቀናት ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ፤ ማውራት እየቻላችሁ፣ መዝፈን ግን እስኪያቅታችሁ ድረስ አለቻቸው። ስኳር፣ ጨውና ዘይት ቀንሱ፤ ጎመንና ባቄላ አብዙ፤ በሳምንት አንድ ሁለቴ ደግሞ ከበድ ያለ ነገር አንሡ። ካልቶማ የወተት ጀሪካን ይቆጠራል ወይ ብላ ጠየቀች። ይቆጠራል ተባለች፤ ተሳስቀው ወጡ።

ጎሕ ሲቀድ በአዲሱ አስፋልት መራመድ ጀመሩ። ሞያሌ ላይ ሰው የሚጣደፈው ወይ ሊሸጥ ወይ ሊገዛ ነው፤ ሁለት ባልቴቶች ባዶ እጃቸውን ሲገሰግሱ ያየ ሁሉ ገረመው። አንድ ፖሊስ እንዲያውም ኮንትሮባንድ ደብቃችኋል ብሎ አስቆማቸው። ካልቶማ የያዝነው ቦርጫችንን ብቻ ነው፣ እሱንም ልንጥለው እየሄድን ነው አለችው። ፖሊሱ ስቆ አሳለፋቸው።

ካልቶማ ቆራጥ ናት። ሻይዋን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረች፤ ማንዳዚውን በዓይኗ ብቻ ተሰናበተችው። ጥቂት ወራት ሳያልፉ ቀሚሷ ሰፋት፣ እንቅልፏም ተመለሰ። አሰገደችስ? አሰገደች ቀኑን ሙሉ መጥበሻ ላይ የምትውል ሴት ናት። መጀመሪያ ለመቅመስ ብላ አንድ ማንዳዚ፣ ከዚያ ደግሞ ከጓዳ ቆማ ሌላ። ጾም ሲገባ ጾመኛ ነኝ ብላ ተጽናናች፤ ጾሙ ቅቤውን አስቀርቶ ዘይቱን እጥፍ ማድረጉን ግን ልቧ ያውቀው ነበር። ለካልቶማ ከሰኞ ጀምሮ እጠነክራለሁ ትላታለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

እዚህ ላይ ነው ኃጢአቷ የሚጀምረው። የካልቶማ መቅጠን አናደዳት። ያ ስኳር የሌለው ባዶ ሻይ በየጠዋቱ ፊቷ ሲቀመጥ የተሰደበች ይመስላት ጀመር። አንድ ቀን ካልቶማ ወተቷን አድርሳ አረፍ ስትል ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምራ አማስላ አቀረበችላት። ካልቶማ ይቅርብኝ ብላ እጇን አነሣች። አሰገደች «በሞቴ!» አለቻት። ቦረናዋ ካልቶማ ከሐበሻ ጋር ኖራ የዚህን ቃል ክብደት ታውቃለች፤ ወዳጅ በሞቱ ሲለምን እምቢ አይባልም። ጠጣች። በማግስቱም በሞቴ፣ ከማንዳዚ ጋር። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ? አሰገደች ተረቱን እየጠቀሰች አጎረሰቻት። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፍቅራቸውን አደነቀ። እሷ ግን የፈለገችው ካልቶማን ማስደሰት ሳይሆን ብቻዋን አለመሸነፍ እንደነበር ያኔም ታውቀው ነበር።

ቀጥሎ አሰገደች ጉልበቴን አመመኝ ብላ ከጠዋቱ ጉዞ ቀረች። ጉልበቷ ደህና ነበር። ካልቶማ ብቻዋን ጥቂት ጊዜ ወጣች፤ ሰው ሲያፈጥባት፣ ወፈፍ አደረጋት ወይ ሲባልባት ተወችው። ወገቧ ተመለሰ። ክሊኒክም መሄድ ቀረ፤ እንድትሄድ ያስታወሳት የለም። ዓመት ከምናምን እንዲህ አለፈ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ካልቶማ ጀሪካኑን አስቀምጣ መንጋጋዬንና ጀርባዬን ይዞኛል፣ ያስመልሰኛል አለች። ላብ አጥምቋታል። አሰገደች ጨጓራ ነው ብላ ወተት ልታሞቅላት ገባች፤ ስትመለስ ካልቶማ ከወንበሩ ተንሸራታ መሬት ላይ ነበረች። ሆስፒታል የልብ ደም ሥሯ ተዘግቶ እንደነበረ፣ ስኳሯም እጅግ ከፍ እንዳለ ተነገራቸው። ነፍሷ ተረፈች። ቤቷ ስትመለስ ግን ከፍራሽ ወደ በር መራመድ የሚያደክማት ሴት ሆናለች።

አሰገደች ልትጠይቃት ስትሄድ ቤቱ በጎረቤት ተሞልቶ ነበር። ካልቶማ ጨውና ስኳር የሌለው ምግብ አንገሽግሿት እህል አልቀምስ ብላለች። ልጇ ኑርሀን ገና ከበሩ ተቀበለቻት።

«እትዬ፣ የእርስዎን እጅ እምቢ አትልም። እርስዎ በሞቴ ይበሏት።»

ጎረቤቶቹም ተቀበሉ። እንደ አሰገደች ያለ ወዳጅ ለማንም ይስጥ፣ ከእናት ልጅ በላይ ያጎረሰቻት እሷ አይደለችም ወይ ተባባሉ። አሰገደች ካልቶማ እምቢ ያለችውን ገንፎ ከኑርሀን እጅ ተቀበለች። ቃሉ ግን ከአፏ አልወጣም። ሰው ሁሉ ይጠብቃታል፤ እሷ ማንኪያውን ይዛ ታለቅሳለች። ለወዳጇ አዝና ነው ብለው ቀስ በቀስ ወጡላቸው።

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ካልቶማ አጠገቧ ወደተቀመጠው ባዶ ሻይ አየች።

«አሱዬ፣ ሱካሪ ጨምሪልኝ። ትንሽ። በሞቴ።»

የስኳሩ ቆርቆሮ ያለበትን አሰገደች ታውቃለች። እጇ ወደዚያ ሊሄድ ነበር፤ መለሰችው።

«አይሆንም፣ ካልቱዬ።»

«ዛሬ ምነው?»

አሰገደች ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም።

«እኔ ስላቃተኝ ነው ያጠጣሁሽ። ጉልበቴንም አላመመኝም ነበር። አንቺ ስትቀጥኚ እኔ ብቻዬን የምቀር መሰለኝ።»

ካልቶማ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«ያኔ ብትነግሪኝ እኮ፣ ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ እጅሽን ይዤ ጎትቼ እወስድሽ ነበር» አለቻት።

አሰገደች ባዶውን ሻይ አንሥታ ወደ ካልቶማ ከንፈር አስጠጋች፤ ካልቶማም ፊቷን አጨፍግጋ ጠጣችላት።