ለደረቀ ጌሾ ውሃ ፍለጋ

የደረቀ ቁጥቋጦ ውሃ ላጠጣ ስል ዛሬ ጓዶቼን ለዘንዶ አስበላሁ።

አትደንግጡ፣ በኢንተርኔት ጌም ነው። ልጄ መሠረት ናት ያስለመደችኝ። እኔ ጋሻ ያዥ ነኝ፤ ፊት ቆሜ ካልመከትኩ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ያልቃል።

ወደ ዘንዶው ዋሻ ስንሄድ መንገድ ዳር የጠወለገ ቁጥቋጦ አየሁ። ልክ በጋ የመታው ጌሾ ይመስላል። ጌሾ ደግሞ ሥሩ እርጥብ ከሆነ እንደሚያንሠራራ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የማያውቅ የለም። ውሃ ልቀዳ ወደ ወንዙ ተመለስኩ።

«አባባ፣ እሱ እኮ መንገዱ እንዲያስፈራ የተሣለ ሥዕል ነው» አለች መሠረት።

«ጌሾ ልታስተምሪኝ ነው?»

«ሰዎቹ እየጠበቁዎት ነው።»

«ይጠብቁ።»

አልጠበቁም። የውሃ መቅጃው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ ስፈልግ ዘንዶው ጨረሳቸው። (ለካ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም።)

ጓዶቼ የጻፉልኝን ስድብ በመዝገበ ቃላት ፈለግሁ፤ ግማሹ አልተገኘም።

መሠረት ለምናልኝ፣ ይቅርታ ከጻፍኩ ሊምሩኝ ተስማሙ። ጻፍኩ። ከሥሩ ግን «ቁጥቋጦው አልሞተም» ብዬ ጨመርኩበት።

ወዲያው ከቡድኑ አስወጡኝ።

እናንተስ፣ ዝም ብትሉ በሚያልፍ ነገር አንድ ቃል ጨምራችሁ የተባረራችሁበት ጊዜ የለም? ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልሁን።