ቅዳሜ ከየት እንደመጣች

የልጅ ልጄ ስለ አሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ የጻፈችው ወረቀት በትምህርት ክፍሏ ግድግዳ ላይ እንዳይሰቀል ተከለከለ። ይህ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በልብስ አጠባ ነው። አሜሪካ፣ ሮዝቪል ባለው አፓርታማችን ልጄ ከሥራ የምታርፈው ቅዳሜ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ቅዳሜ ማሽኑን አላስነካም። የልጅ ልጄ በእንግሊዝኛ «ለምን?» አለችኝ። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ባቋርጥም አባቴ መሪጌታ ነበር፤ እሱ የነገረኝን ነገርኳት። ቅዳሜን እንደ እሑድ የሚያከብሩ መነኮሳት ድሮ ይሳደዱ ነበር። በኋላ የመጣው ንጉሥ እነሱን መግፋት መንግሥቱን እንደሚከፋፍልበት አይቶ ጉባኤ ጠራ፤ ሁለቱም ሰንበት እንዲከበር አጸና።

የትምህርት ቤት ሥራዋም ይኸው ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ከነበሩት ሥልጣኔዎች አንዱን መርጦ ምን እንደተለወጠ ማሳየት። መምህሯ ግን «ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ላይ የለችም፤ ማሊን ውሰጂ» አላት። ቻይና፣ ኦቶማን፣ ጣሊያን፣ አዝቴክ፣ ማሊ፤ በቃ። ወላጆች ግድግዳውን ሊያዩ የሚመጡት በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። የልጅ ልጄ አስተረጎመችልኝ።

«ማሊን አከብራለሁ፤ የዚህች ልጅ ቅዳሜ ግን ከማሊ አልመጣም» አልኩት።

«አስብበታለሁ» አለ።

ስመለስ ከወሎ የመጣች ሙስሊም ጎረቤቴን ልብስ ማጠቢያው ክፍል አገኘኋት። እየተኩራራሁ አወራኋት፤ ወረቀቱንም አሳየኋት። አንብባ ሳቀች።

«እትዬ፣ እኛ የት ገባን?»

«እናንተ ደግሞ ምን ሆናችሁ?»

«የይፋት ሱልጣኖች ሲሸነፉ ልጆቻቸው አዳልን ያቆሙት በዚያው ዘመን አይደል? መምህሩን የሚያሙበትን እርስዎም አደረጉት።»

እውነቷን ነበር።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩና ግድግዳው ላይ በአንድ ፋንታ ሁለት ቦታ ጠየቅሁ። «ትናንት እኔም ሰው ረስቼ ነው የመጣሁት» አልኩት። ጎረቤቴ የምታውቀውን ለልጅ ልጄ ትነግራታለች፤ እሷም ከቤተ መጻሕፍት አመሳክራ ሁለተኛውን ወረቀት ትጽፋለች።

መምህሩ ዝርዝሩን አውጥቶ ከማሊ ሥር ሁለት መስመር በእጁ ጨመረ። ከዚያ ያላትን የልጅ ልጄ እየሳቀች በአማርኛ ነገረችኝ፦

«ሁለቱም ይሰቀላሉ። ግን ዓርብ አድርሱልኝ፤ ቅዳሜ አትሠሩም አይደል።»