ጠመኔ የተቀባች ጀልባ

ጋሽ ጠብታ ጀልባ ሲመረምር መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ለማያውቅ ሰው ያስቃል። ውኃ ያስቸገራትን ጀልባ ከወንዝ አስወጥቶ፣ ካቫሌቶ በሚሉት የእንጨት መቆሚያ ላይ አስቀምጦ፣ መልሶ ውኃ ይሞላባታል። «ጋሼ፣ ወንዙ አነሰህ እንዴ?» ብለው የሚያልፉ አሉ። እሱ መሙላቱን ይቀጥላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀልባ ወንዝ ላይ ሳለች የገባባት ውኃ በወለሉ ሥር ተሽሎክልኮ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ያየኸው እዚህ፣ የገባው እዚያ። ከውስጥ ሲሞላባት ግን በገባበት ቀዳዳ ይወጣል። ጋሽ ጠብታ የሆዷን ውጪ ያደርቅና በአልኮል የተበጠበጠ ጠመኔ ይቀባዋል። አልኮሉ ሲተን ሆዷ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ይጋደማል፤ ነጩ የጠቆረበት ቦታ ቀዳዳው ነው። የሚሠራበት የጀልባ ጋራዥ በያጅ «ለአንድ ጠብታ ብሎ ግማሽ ቀን ያስጠብቀኛል» እያለ ሲያማው ነው ስሙ የወጣለት። ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው።

አንድ ቀን ጠዋት የመንደሩ ክሊኒክ ጀልባ ነጂ ጀልባዋን በመኪና እየጎተተ መጣ። ጄት ጀልባ ናት፤ ፕሮፔለር የላትም፤ ከሆዷ ሥር ባለው ወንፊት ውኃ ስባ በኋላዋ እየተፋች ነው የምትሄደው። ስለዚህ ጥልቀት በሌለው ወንዝ ከሷ የሚሻል የለም። ከሦስት ሳምንት በፊት አሽጎ፣ ፈትሾ፣ «ደህና ናት» ብሎ የለቀቃት ጋሽ ጠብታ ነበር።

«ምን ሆነች?»

«ውኃ ጠጣቻ! ነርሷን ጭኜ መሀል ወንዝ ስደርስ እግሬ ረጠበ። እኔ ስነዳ፣ እሷ በምሳ ዕቃዋ እየቀዳች ስትደፋ፣ እንደምንም ዳር ወጣን። ምሳዋን ለዓሣ አበላች።»

ጋሽ ጠብታ አልሳቀም። «ለጋራዡ ባለቤት ነገርከው?»

«ምን ብዬ? ጋሽ ጠብታ ሊያሰምጠኝ ነበር ብዬ? አልነገርኩትም። ነገ ጠዋት ክትባት አለ፣ ነርሷን ማሻገር አለብኝ። ሌላ ሰው እንዲነካት አልፈልግም፣ አንተው እያት።» ይህን ብሎ ትከሻውን መታ አደረገውና ሄደ።

ተቆጥቶ ቢሆን ይሻል ነበር። ጋሽ ጠብታ ለምን እንደሳተ ያውቃል። የግራ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል፤ ቀኙም ጀምሮታል። ሐኪሙ ለቀዶ ጥገና የቀጠረው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ይህን ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ባለፈው ከጀልባዋ ሥር ተጋድሞ ሁሉንም ነጭ አየው። ነጭ የሆነው ጠመኔው ይሁን ዓይኑ አልለየም፤ ለመጠየቅም አፈረ። ዛሬ ደግሞ ቢስት፣ ነገ መሀል ወንዝ ላይ ሁለት ሰው አለ። ቢናገር ደግሞ ጠብታ የማያይ ጠብታ ማን ያሠራዋል?

ስልኩን አወጣና ሚስቱ ጋ ደወለ። «ጠመኔ አልቆብኛል፣ ይዘሽልኝ ነይ።»

ሚስቱ ሠላሳ ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራ በቅርቡ ጡረታ የወጣች ናት። አንድ ፓኬት ይዛ ከተፍ አለች። መደርደሪያው ላይ ግን አምስት ፓኬት ተደርድሯል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው የፈለግከው?»

«ዓይንሽን» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ስንጋባ እንኳ እንዲህ ብለኸኝ አታውቅም!» ብላ ሳቀች። ፊቱን ስታየው ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ የሥራ ቱታውን ከሚስማሩ አውርዳ ለበሰች። እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጠፈች። ጀልባዋን ውኃ ሞልተው፣ ሆዷን ጠመኔ ቀብተው፣ ካርቶኑ ላይ ጎን ለጎን ተጋደሙ።

በያጁ ጎንበስ ብሎ አያቸው። «ጋሽ ጠብታ፣ ለሽርሽር ቦታ ጠፋ?»

«አንተ፣ ዝም ብለህ ሥራህን!» አለች ሚስቱ ከሥር። የአንደኛ ክፍል መምህርት ድምፅ ነበር፤ በያጁ ሳያስበው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጠበቁ። ከላይ ውኃው አልፎ አልፎ ኩልል ይላል። «እዚህ ጋ ጠቆር... አይ፣ የራሴ ጥላ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ክንዱን ያዘች። «ቆይ ቆይ። የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጥብ አለች። እያደገች ነው። ከወንፊቱ ጎን፣ ከሦስተኛው ብሎን ኋላ።»

ጣቱን ይዛ አስነካችው። ረጥቧል። ወንፊቱ ያለበት ክፈፍ ከሆዷ ጋር በብሎን የሚገጥምበት መስመር ነው፤ ሞተሩ ሲያንቀጠቅጠው ማሸጊያው ተልጧል። እሱ ባለፈው ያሸገው ከዚያ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ነበር፤ ከውስጥ ውኃውን ያየበትን ቦታ።

«ተገኘ፣ ተነሺ» አላት።

«ምን ያስነሳኛል? ገጹን መች ጨረስኩት?» አለችና ወደ ታች ቀጠለች። ከብሎኑ ቀዳዳ የሚነሳ እንደ እርሳስ ጭረት የቀጠነ ስንጥቅም አገኘች። ይኼኛውን የዛሬ ሃያ ዓመት ዓይኑም ላያየው ይችል ነበር።

ውኃውን አፈሰሱ። በያጁ ስንጥቁ እንዳይቀጥል ጫፉን በትራፓኖ በስቶ በየደው። ጋሽ ጠብታ ክፈፉን ፈታ፤ አሮጌውን ማሸጊያ እስኪያበራ ድረስ ፋቀው፤ አዲስ ቀብቶ ብሎኖቹን አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ እያፈራረቀ አጠበቀ። ለዚህ ዓይን አያስፈልገውም፤ እጁ ያውቀዋል። ማሸጊያው ሲደርቅ እንደገና ውኃ ሞሉ፣ እንደገና ጠመኔ ቀቡ። ሚስቱ ተጋድማ አንድ ሰዓት ሙሉ አየች። ነጭ ነበር።

ጋሽ ጠብታ የጋራዡ ባለቤት ቢሮ ገብቶ ሁሉንም ነገረው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ ነው የጀመረው። ባለቤቱ ወረቀቱን ትቶ አየው። «ባለፈው ብትነግረኝ ኖሮ ነርሷ ምሳዋን ትበላ ነበር» አለ፤ ለካ ወሬው ደርሶታል። «እስክትታከም ድረስ መምህርት ሚስትህ ሳታይ ጀልባ አይወጣም። ሥራህ ያው ሥራህ ነው።»

ማታ ለነጂውም ነገረው። ነጂው እስከ መጨረሻው ሰማው። «ታዲያ ነገ ልሂድባት?»

«ሂድባት። እኔም አብሬህ አለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ የክትባት ሳጥኗን አቅፋ ከፊት ተቀመጠች። ጋሽ ጠብታ ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ። ወንዙ መሀል ሲደርሱ ነጂው ፍጥነት ጨመረ፤ ጀልባዋ ተንቀጠቀጠች። ጋሽ ጠብታ የወለሉን ክዳን ከፍቶ እጁን እስከ ክርኑ አስገባ፤ ክፈፉን ዞሮ ዳሰሰው። ደረቅ ነው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደግሞ ዳሰሰ። ደረቅ ነው።

ወደ ነጂው ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ ከትናንት ጀምሮ ሲያዘጋጃት ያደራትን አንዲት ቃል ተናገረ።

«ምን አልክ?» አለ ነጂው። «ሞተሩ ይጮኻል!»

ጋሽ ጠብታ ዕድሜ ልኩን ጮኾ አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አመሰግናለሁ አልኩህ!»

ነርሷ ከፊት ዞር ብላ አየቻቸው። እሷንም አላስቀራትም፤ ጮኾ አመሰገናት።